ከጎመኑ ጋር የሚደፋው ውሃ

ሐዋሳ ላይ ለጤና የሚሆን ምግብ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ዓሣው ከሐይቁ ነው። ጎመኑ፣ ቦሎቄው፣ አቦካዶውና ቆጮው ከሲዳማ ገጠር በየማለዳው ይገባል፣ ጤፉና ምስሩም ከሌላ አገር ተጭኖ ይመጣል። እንዲህም ሆኖ ደም ያነሳት እናትና ዕድገቱ የቀጨጨ ሕፃን በየሰፈሩ አለ። ትልቁ ምክንያት የኪስ ነው፣ እሱ በምክር አይፈታም። ገበያ ወጥቶ መሸመት የቻለው ሰውም ግን ገንዘቡን ከከፈለበት ምግብ ሊያገኝ የሚገባውን ሁሉ አያገኝም። የተወሰነው ከመቀቀያው ውሃ ጋር ይደፋል፣ የተወሰነው ከምሳ በኋላ በሚጠጣ ቡና ይያዛል፣ የተወሰነው ደግሞ ቅባት በማጣት ብቻ ሆድ ውስጥ ሳይሰርግ ያልፋል። ፋርማሲ ሄዶ በውድ ዋጋ የቫይታሚን እንክብል ከመግዛት በፊት ወጥ ቤት ውስጥ የሚስተካከል ብዙ ነገር አለ።

ከጎመን እንነሳ። በብዙ ቤት ቅጠሉ በደቃቁ ይከተፋል፣ ከተከተፈ በኋላ ይታጠባል፣ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ በእጅ ተጨምቆ አረንጓዴው ውሃ ይደፋና በቁሌት ይታሻል። ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ምሬቱም ይለቃል። ችግሩ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንና ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ የሚሟሙ መሆናቸው ነው። ቅጠሉ በደቀቀ ቁጥር ወደ ውሃው የሚወጡበት ቦታ ይበዛል። ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ አንድ ጊዜ፣ ሲቀቀል ሁለተኛ፣ ሲጨመቅ ሦስተኛ ጊዜ ይወጣሉ ማለት ነው። ገበያ ላይ ተከትፎ በፌስታል የሚሸጠው ጎመን ሥራ ያቀላል፣ ግን ከማለዳ ጀምሮ አየርና ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው፣ ቤት ሲገባም ከነአፈሩ ስለሆነ መልሶ መታጠቡ አይቀርም። እግር ጎመኑን ከነቅጠሉ መግዛት ይሻላል።

ለአንድ ኪሎ ጎመን እንዲህ ቢሠራ ብዙው ይተርፋል። ቅጠሉን ሳትከትፉ አንድ በአንድ እጠቡት፣ በተለይ በጀርባው በኩል ያለውን እጥፋት። ውሃውን አራግፉና የትንሽ ጣት ያህል ስፋት እንዲኖረው አድርጋችሁ ክተፉት። ሁለት ራስ ሽንኩርት በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፣ ጎመኑን ጨምሩ፣ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ ክደኑት። በመካከለኛ እሳት ለጋ ቅጠል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ የጠነከረ ቅጠል 20 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። በመሃል ሁለት ጊዜ አገላብጡት። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው መጨረሻ ላይ ይገባሉ። እሳቱ ከበዛ ውሃው ቶሎ ያልቅና ከሥር ያርራል፣ ያን ጊዜ ሰው ደንግጦ አንድ ጣሳ ውሃ ይደፋበትና ተመልሶ ቅቅል ይሆናል። ቅጠሉ አርጅቶ ከመረረ ለ2 ደቂቃ ብቻ በጥቂት ውሃ አንተክትኩትና ውሃውን ለሽሮ መበጥበጫ አድርጉት። ሽሮው ላይ ምሬቱ አይታወቅም።

ጎመንና ቆስጣ ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ይተካሉ። በካልሲየም በኩል ግን ለየቅል ናቸው። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። የቅርብ ዘመዱ በሆነው ስፒናች ላይ ሲለካ ወደ ሰውነት የገባው ካልሲየም 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፣ ከጎመን ወገን ከሆኑት ቅጠሎች ግን 40 በመቶ አካባቢ ይገባል። ወተት ለማይጠጣ ሰው፣ ወይም ጾም ለያዘ ቤት፣ ጎመን ቀዳሚ ቅጠል መሆን አለበት። ቆስጣ ይበላ፣ ለካልሲየም ብሎ ግን አይገዛ። (ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፣ መጠኑን ግን በየሳምንቱ ተቀራራቢ ያድርግ። አንድ ሳምንት ጨርሶ ሳይበሉ ቆይቶ በቀጣዩ በየቀኑ መብላት ነው የመድኃኒቱን ሥራ የሚያዛባው።)

አሁን ወደ ቡናው። የሲዳማ ቡና ከምሳ በኋላ አይጠጣ ማለት ሐዋሳ ላይ የሚሰማ ምክር አይደለም፣ ስለዚህ ሰዓቱን ማስተካከል ይሻላል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ይይዙታል። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ40 በመቶ አካባቢ፣ ሻይ ደግሞ በ60 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ በሰው ላይ ተለክቷል። በዚያው ልኬት ላይ ሌላም ነገር ታይቷል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ብረቱን አልነካም፣ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ቀንሶታል። ምግቡ በዚያ ሰዓት ገና ሆድ ውስጥ ነውና። ደም የሚያንሳት ሴት ቡናዋን ረፋድ ላይ፣ ምሳ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ብትጠጣ፣ ወይም ከምሳ ሁለት ሰዓት ያህል አሳልፋ ብታፈላ ቡናዋም አይቀርባት። ልጆች ዳቦ በሻይ እያሉ ቁርስ የሚበሉበት ቤት ደግሞ ከቡናው ይልቅ ሻዩ ነው መጀመሪያ መታየት ያለበት።

ጤፍ ብረት አለው ሲባል ሁሉም ሰው ይኮራል፣ እውነትም አለው። ግን ላቦራቶሪ ላይ ከሚታየው ቁጥር ብዙው አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞታል። ፋይቴቱን የሚሰብረው ማቡካቱ ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ብረቱና ዚንኩ ይፈታሉ። ማታ ተቦክቶ በቤኪንግ ፓውደር ጠዋት የሚጋገር እንጀራ ዓይን ያወጣል፣ ያምራልም፣ ሥራው ግን ከላይ ነው፣ ፋይቴቱ ባብዛኛው እንዳለ ይቀራል። እንጀራ የሚገዛ ሰው የኮመጠጠውን ቢመርጥ አይጎዳም።

ብረቱን የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው፣ እሱም በዚያው ምግብ ላይ፣ በዚያው ሰዓት መገኘት አለበት። ምስር ወጥ ላይ መጨረሻ የተጨመቀ ግማሽ ሎሚ፣ ሽሮ አጠገብ የቀረበ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ይሠራል። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለምሳው ብረት አይደርስለትም። ዳጣ በሐዋሳ ገበታ ላይ ከዓሣም ከሥጋም ጋር ይቀርባል፣ ከጥሬ ቃሪያና ሚጥሚጣ ትኩስ ትኩሱን የተፈጨ ከሆነ ለዚህ ጥሩ ነው። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል፣ ወንድ 8 ይበቃዋል፣ እርጉዝ 27 ትሻለች። ከአንድ ድስት ወጥ መጀመሪያ ለአባወራው ሥጋው የሚወጣበት ልማድ ከዚህ ቁጥር ጋር አይገጥምም።

ቦሎቄ በሲዳማ ብዙ የሚመረት፣ ርካሽና በፕሮቲን፣ በፎሌትና በዚንክ የታጨቀ ነው። ሰው የሚሸሸው ሆድ ይነፋል፣ ማገዶ ይፈጃል ብሎ ነው። ሁለቱንም መዘፍዘፍ ይቀንሳቸዋል። ማታ ከቦሎቄው ሦስት እጥፍ በሆነ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ያንን ውሃ ድፉት። ጎመኑ ላይ ውሃ አትድፉ ብለን እዚህ ድፉ ማለታችን እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ቦሎቄ በሚዘፈዘፍበት ውሃ ውስጥ የሚወጣው ግን ባብዛኛው ሆድ የሚነፋው የስኳር ዓይነትና ፋይቴት ነው፣ ለትንሽ ቫይታሚን ተብሎ አይጠጣም። በአዲስ ውሃ መጀመሪያ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለእርግጠኝነት 30 ደቂቃ፣ እየፈላ ይንተክተክ። ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል መርዝ አለው፣ ሳይፈላ በለስላሳ እሳት ብቻ ሲሞቅ መርዙ ከመጥፋት ይልቅ ሊብስ ይችላል። ጥሬ ገብ ቦሎቄ ጥቂት ፍሬ የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያስመልሰው ለዚህ ነው። ከ30 ደቂቃው በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ እስኪለሰልስ መቀቀል ይቻላል።

ቶሎ እንዲበስል ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። ያለሰልሳል፣ ቫይታሚን ቢ1ን ግን ያጠፋል፣ ጣዕሙንም ሳሙና ሳሙና ያሰኘዋል። ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ደግሞ ኮምጣጣነቱ የፍሬውን ቆዳ ያጠነክረውና ቦሎቄው ሰዓት ሙሉ ቢጣድ አይበስልም። ቁሌቱን ለብቻ ሠርቶ ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ማዋሃድ ነው መላው። ዘፍዝፎም፣ አፍልቶም እምቢ ያለ ቦሎቄ ጎተራ ውስጥ ያረጀ ነውና ከዚያ ነጋዴ ሁለተኛ አትግዙ።

ቆጮን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ ይይዛል፣ ድርቅ በመጣ ጊዜ ሕዝብ ያሻገረ ምግብ ነው። ፕሮቲኑ ግን በ100 ግራም 1 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 48 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል። ቡርሳሜ፣ ማለትም በቅቤ የተሠራ ቆጮ፣ ቅቤ ቢጠጣም ይህ ቁጥር ያው ነው፣ ቅቤ ጉልበትና ቫይታሚን ኤ ይጨምራል እንጂ ፕሮቲን የለውም። ከቆጮው ጎን አይብ፣ ወተት፣ ቦሎቄ ወይም ዓሣ ካለ ገበታው ይሞላል። አዋቂ በአንድ ቀን ሁለት ጭልፋ የቦሎቄ ወጥ፣ አንድ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ካገኘ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ትንሹ ልጅ ቆጮ በቅቤ ብቻ በልቶ ሲጠግብ ደስ ይላል፣ ወፈር ብሎም ይታያል፣ ቁመቱ ግን ይቀራል።

ስለ ዓሣው። የሐይቁ ዓሣ ገበያ በሆነው አሞራ ገደል ላይ በብዛት የሚገኙት ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። የቆሮሶ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ የቀኑን ቫይታሚን ቢ12 ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። ቢ12 ከአትክልትና ከእህል አይገኝም፣ ስለዚህ ዓሣን ጾም ላይ የሚፈቅድ ቤት ትልቅ ጥቅም አለው። ቆሮሶ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ስብ የሞላበት ነው የሚባለው ግን ተጋኗል፣ ስቡ ትንሽ የሆነ ዓሣ ነው። ቢልጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሐዋሳ ሐይቅ ትልልቅ ቢልጫዎች ሌላ ዓሣ እየበሉ ስለሚያድጉ ሥጋቸው ውስጥ ሜርኩሪ ይጠራቀማል፣ አንዳንዶቹ ላይ በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም በላይ ተገኝቷል። ለእርጉዝ፣ ለምታጠባ እናትና ለትንሽ ልጅ ቆሮሶ ይገዛ፣ እሱ ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ስለሚበላ የሚጠራቀምበት ሜርኩሪ አነስተኛ ነው።

ሲገዛ ስንጥቡን ገልጦ ማየት ነው። ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ አድሯል። ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ይመለስ። ተገፎ ፊሌቶ የሆነ ዓሣ ላይ ይህ ሁሉ ምልክት ስለማይታይ ሙሉውን መርጦ ፊት ለፊት ማስገፈፍ ይሻላል። ጥሬ ዓሣ በዳጣና በሎሚ ሐይቁ ዳር ተወዳጅ ነው፣ ወዳጆቹን ማስቀየም ባንፈልግም አንመክረውም። የሐይቁ ዓሣ ውስጥ የትል እጭ ይገኛል፣ ሎሚ ደግሞ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ እጩን አይገድልም። እጩ የሚሞተው በደንብ ሲበስል ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ሲቀዘቅዝ ነው። የቤት ፍሪጅ ላይኛው ክፍል እዚያ መድረሱ ያጠራጥራል። የዓሣ ሾርባም አጥንቱ ስለፈላ ብቻ በካልሲየም አይሞላም፣ ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ቆረጥረጥ ብሎ እስኪጠበስ ድረስ የደረቀ ትንሽ ዓሣ ከነእሾኹ የሚያኝክ ሰው ነው ካልሲየሙን የሚያገኘው።

ቫይታሚን ኤ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ በተለይ በሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የወጡት ቱላና ኩልፎ የሚባሉት ዝርያዎች፣ ገበያ ላይ ከተገኙ ነጩን ትቶ እነሱን መግዛት ነው። ነጩ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከብርቱካናማው አንድ መካከለኛ ፍሬ ግን የአንድ ትንሽ ልጅ የቀን ፍላጎት ይሞላል። ከነልጣጩ ቀቅሉት፣ ከዚያ ላጡት። ከትፋችሁ ካደረቃችሁት በጥላ ይድረቅ፣ ፀሐይ ቀለሙን ሲያገረጣው ቫይታሚኑም አብሮ ይሄዳል። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ጎመንም ያው ናቸው፣ ሁሉም ቅባት ይፈልጋሉ። ከይርጋለም አካባቢ የሚመጣው አቦካዶ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፣ ሩብ አቦካዶ የካሮትና የቲማቲም ሰላጣ ላይ ተቆርጦ ሲገባ ለቫይታሚኑ መስረጊያ ይሆናል። ጁስ ቤት ስፕሪስ ሆኖ ስኳርና ቪምቶ ሲፈስበት ግን ምግብነቱ ቀርቶ ጣፋጭ ይሆናል።

ጨው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት ግዴታ ሆኗል፣ እንቅርት ለሚበዛበት ደጋማ ገጠር ትልቅ ነገር ነው። ከረጢት ከፍቶ በጣሳ የሚሸጠውን ሳይሆን ታሽጎ አዮዲን ያለው የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ቤት ሲደርስ በሚከደን ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ምድጃ አጠገብ ክፍት ሆኖ የሚከርም ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። ወጡ ላይም ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይግባ። በቀን ለአንድ ሰው 5 ግራም፣ ማለትም ሙልት ያላለ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ይበቃል። በርበሬው፣ ዳጣውና ዳቦው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

6 ወር ለሞላው ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አጥሚት ነው፣ አብዛኛው ውሃ የሆነ። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በውሃ ይሞላና ምግቡ አይደርሰውም። ገንፎው ማንኪያ ሲገለበጥ ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። ምጥኑ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ ይሁን፣ ጥራጥሬው ቀድሞ ተዘፍዝፎ፣ ደርቆና ተቆልቶ ይፈጭ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ በደንብ የበሰለ የተፈጨ እንቁላል ይጨመርበት። ወፍራሙን ልጁ መዋጥ ካቃተው ውሃ አትጨምሩ፣ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምሩ። ገንፎውን ከእሳት አውርዳችሁ ጣት የሚታገሠው ሙቀት ላይ ሲደርስ ለአንድ ሰሃን ግማሽ የሻይ ማንኪያ በትኑና አማስሉት፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይላላል። ከዚያ መልሳችሁ አንድ ጊዜ አፍሉት፣ ብቅሉ ጥሬ ነውና። ገንፎው እንደ ፈላ ከተጨመረ ወይም ብቅሉ የተቆላ ከሆነ አይሠራም፣ የሚያላላው ኤንዛይም ተቃጥሏል። ለጠላ ተብሎ የሚሸጠው ብቅል አንዳንዴ ሻጋታ ይኖረዋል፣ ለሕፃን ገብሱን ቤት አብቅላችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ከማሽላ የሚበቅለው ቡቃያ መርዛማ ሳይናይድ ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም።

ከምግብ ብቻ የማይሟሉም አሉ። ፅንስ ሲጀመር የሕፃኑ የአከርካሪ ቱቦ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፣ ብዙ ሴት ደግሞ በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ጎመኑ ቢበላም መውለድ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በእንክብል የሚሰጠውን ፎሌት፣ በቀን መውሰድ አለባት። ጤና ጣቢያ ለእርጉዝ የሚሰጠው የብረት እንክብል ደግሞ በሻይም በወተትም አይዋጥም፣ በውሃ ወይም በሎሚ ውሃ ነው። በባዶ ሆድ የተሻለ ይሠራል፣ ካቅለሸለሸ ማታ ከራት በኋላ ይወሰድ። ሰገራ ማጥቆሩ የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥ፣ ብዙዎች እንክብሉን የሚያቋርጡት በእሱ ፈርተው ነው።